ያልተነገረው ነው የሚያጣላው፦ የተለየ ኑሮ ይዛችሁ በኮሪያና በጃፓን እንግሊዝኛ ለምታስተምሩ

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ! ከሥራ ወጥታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ልጅ ታቅፋችሁ እዚህ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ ከፊት ባዶ ወንበር አለና ኑ፣ ተቀመጡ።

የዛሬው ጉዳያችን ይህ ነው። እንግሊዝኛ ለማስተማር ወደ ደቡብ ኮሪያ ወይም ወደ ጃፓን የሚሄድ ሰው፣ ኑሮው ከብዙኃኑ የተለየ ከሆነ እንዴት ይግባባ? የተለየ ስል ሥጋና ዓሣ የማይበላውን፣ መጠጥ የማይቀምሰውን፣ ክንዱን የተነቀሰውን፣ ድሬድ ያሳደገውን፣ ሳይጋባ ከወዳጁ ጋር የሚኖረውን፣ ሁለት ሻንጣ ይዞ ከአገር አገር የሚዞረውን ማለቴ ነው። ከእናንተም መካከል እንዲህ ያለ እንደማይጠፋ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበላችሁ። እዚያ ሰውን ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር የሚያጣላው ልዩነቱ አይደለም፤ ያልተነገረው ነው የሚያጣላው። ደግሜ ልበለው፤ ያልተነገረው ነው! ለምን? የኮሪያም የጃፓንም ትምህርት ቤት ሁሉን ነገር አስቀድሞ ያቅዳል። የምሳው ትሪ ተቆጥሯል፣ የእራት ግብዣው ቦታ ተይዟል፣ የሚከራይላችሁ ቤት ለስንት ሰው እንደሆነ ተወስኗል። በዚህ መሃል ድንገተኛ ነገር ስታመጡ ጫናው የሚያርፈው እናንተ ላይ አይደለም። ለእናንተ ጉዳይ ኃላፊ ሆና በተመደበችው አብሮ አስተማሪ ላይ ነው። ምክትል ርዕሰ መምህሩ የሚጠይቃት እርሷን ነው፤ ይቅርታ የምትጠይቀው እርሷ ናት። እናንተ ግን ፊቷ ሲጠቁር ብቻ ታዩና «ንቅሳቴን አልወደደችውም» ትላላችሁ። ንቅሳታችሁ አይደለም። ማክሰኞ የሰማችውን ሰኞ ስላልነገራችኋት ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያ ስለ ሕግ እንነጋገር። ሕጉ ላይ ድርድር የለምና ቶሎ እንለፈው።

ለኮሪያ መደበኛው የቋንቋ አስተማሪ ቪዛ ኢ-2 ይባላል። በመደበኛው መንገድ የሚሰጠው የሰባት አገሮች ፓስፖርት ላለው ሰው ነው፦ ለአሜሪካ፣ ለካናዳ፣ ለብሪታንያ፣ ለአየርላንድ፣ ለአውስትራሊያ፣ ለኒውዚላንድና ለደቡብ አፍሪካ። የመጀመሪያ ዲግሪና ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃ፣ ሁለቱም አፖስቲል የሚባለው ዓለም አቀፍ የሰነድ ማረጋገጫ ተደርጎባቸው ይቀርባሉ። የጃፓን መንግሥት ከ1987 ጀምሮ የሚያካሂደው፣ ከውጭ አገር የቋንቋ አስተማሪ የሚያስመጣበት የጄት ፕሮግራም በእነዚህ ሰባት አገሮች አይወሰንም። በጃፓን የማስተማር ቪዛ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ 12 ዓመት የተማራችሁ መሆናችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል። እንዲህ ያለ ወረቀት በአንድ ሳምንት አይሰበሰብም፤ ዛሬውኑ ጀምሩ።

ኮሪያ እንደገባችሁ በ90 ቀን ውስጥ የውጭ ዜጋ ምዝገባ ማድረግ አለባችሁ። የኢ-2 አስተማሪ የጤና ምርመራም የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ አለበት። «እኔ የማጨሰው በተፈቀደበት አገር ነው» የሚል ሰው አለ? እባክህ ወንድሜ፣ ስማኝ። ካናቢስ አዘውትሮ በሚያጨስ ሰው ሽንት ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል። ምርመራው ደግሞ የት እንዳጨስክ አይለይም። በጃፓን ከታኅሣሥ 2024 ወዲህ ይዞ መገኘት ብቻ ሳይሆን መጠቀሙም ራሱ ወንጀል ሆኗል።

መድኃኒትም እንደዚሁ ነው። ለትኩረት ማነስ የሚታዘዘው አምፌታሚን ያለበት መድኃኒት፣ ለምሳሌ አደራል፣ የሐኪም ማዘዣ ቢኖራችሁም ጃፓን አይገባም። አይገባም! ሌላውን በማዘዣ የተገዛ መድኃኒት፣ አብዛኛውን፣ ለአንድ ወር የሚበቃ መያዝ ትችላላችሁ። ከዚያ በላይ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ዩንዩ ካኩኒን ሾ የሚባለውን የማስገቢያ ማረጋገጫ ማውጣት ግድ ነው። ኮሪያም አእምሮ ላይ ለሚሠሩ መድኃኒቶች ከምግብና መድኃኒት ደኅንነት ሚኒስቴር ቅድመ ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ ሐኪማችሁን አነጋግሩና በዚያ አገር የተፈቀደ አማራጭ መኖሩን አረጋግጡ፤ አዲሱን መድኃኒት ለጥቂት ወራት ሞክሩት፤ ከተስማማችሁ ውል ፈርሙ። ፈርሞ ሄዶ እዚያ መድኃኒት መቀየር፣ አዲስ አገርና አዲስ ሥራ ላይ ሕመም መጨመር ነው።

በሁለት ሻንጣ ለምትዞሩት ደግሞ ይህን ልንገራችሁ። ኢ-2 ቪዛ የአንድ ቀጣሪ ነው። ከኢሚግሬሽን ፈቃድ ሳታገኙ ማታ ማታ የግል ተማሪ ብትይዙ ሕግ መጣስ ነው፤ ቅጣት አለው፣ ከአገር ማስወጣትም አለ። በጃፓንም ለትምህርት ቤት በተሰጠ የአስተማሪ ቪዛ በግል የቋንቋ ድርጅት ልሥራ ካላችሁ ተጨማሪ ፈቃድ ያስፈልጋል። ቤት ስትቀይሩም በጃፓን በ14፣ በኮሪያ በ15 ቀን ውስጥ ለአካባቢው ጽሕፈት ቤት ታስመዘግባላችሁ። «ወር እዚህ፣ ወር እዚያ» የሚለው ኑሮ ከዚህ ቪዛ ጋር አይሄድም፤ በበዓልና በዕረፍት ቀን ብቻ ዙሩ።

ሳይጋቡ አብረው ለሚኖሩም የቤተሰብ ቪዛ የሚገኘው በጋብቻ ምስክር ወረቀት ነው። ወረቀቱ ከሌለ ወዳጃችሁ የራሱን ቪዛ በራሱ መንገድ ያግኝ። በቱሪስትነት ገብቶ ሦስት ወር ቆይቶ፣ ወጥቶ መልሶ የሚገባ ሰው አንድ ቀን ድንበር ላይ ይጠየቃል፤ ያን ቀን የእናንተም ዓመት ይበላሻል።

ሕጉን በዚህ እንተወው። ሁለተኛው ነጥብ፣ ከመፈረም በፊት የሚነገረው ነው።

በሁለቱም አገሮች ለሥራ ስታመለክቱ ፎቶ ይጠየቃል። ብዙ ሰው ለፎቶው ሲል ድሬዱን ይጠቀልላል፣ የአፍንጫ ቀለበቱን ያወልቃል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው! ፎቶው ላይ መምሰል ያለባችሁ መጋቢት ወር ላይ ክፍል የምትገቡትን ሰው ነው። ቀለበቱን በሥራ ሰዓት ለማውለቅ ፈቃደኛ ከሆናችሁ አውልቃችሁ ተነሡ፤ ፈቃደኛ ካልሆናችሁ አድርጋችሁ ተነሡ። በዚህ ምክንያት የማይቀጥራችሁ ትምህርት ቤት ሄዳችሁ ብትገኙም ዓመቱን አያስጨርሳችሁም።

ንቅሳትን በቃለ መጠይቁ ላይ ንገሯቸው፤ ግን ከነመፍትሔው። «ግራ ክንዴ ላይ ንቅሳት አለ፣ ከክርን በታች ይታያል፣ በትምህርት ቤት ሁልጊዜ እሸፍነዋለሁ» ማለት ይበቃል። ማብራራት፣ ትርጉሙን መተረክ፣ ይቅርታ መጠየቅ አያስፈልግም። ለምን ከነመፍትሔው? ሰሚው በጆሮው የሚሰማው ንቅሳቱን ነው፤ በሐሳቡ የሚያየው ግን ስልክ የሚደውል የተማሪ ወላጅ ነው። «እሸፍነዋለሁ» ስትሉት ያ ስልክ ይጠፋለታል። ከዚያ ቃላችሁን ጠብቁ። ስሕተት የሚመጣው በሐምሌ ነው። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆን፣ እርጥበቱም ሲጨመርበት ሁሉም አጭር እጅጌ ይለብሳል፤ የስፖርት ቀንና የመዋኛ ትምህርትም አለ። ስለዚህ ስስ የክንድ ሽፋን አምስት ስድስት ያዙ፤ በላብ ስለሚርስ አንዱ ቀኑን ሙሉ አይበቃም። ለትንንሽ ንቅሳት የቆዳ ቀለም ያለው ማጣበቂያ አለ። ነገር ግን አብዛኛው የሚሠራው ለነጣ ያለ ቆዳ ስለሆነ የራሳችሁን ቀለም ከዚህ ይዛችሁ ሂዱ። በጃፓን ፍል ውኃ መታጠቢያዎች ደግሞ ንቅሳት ያለበትን ሰው የማያስገቡ ብዙ ናቸው፤ የመምህራን ጉዞ ሲታቀድ አስቀድማችሁ ለአስተባባሪው ንገሩት። ለብቻ የሚታጠቡበት ክፍል ያለው ማረፊያ ሊመርጥ ይችላል።

ስለ ቤትም ልጨምር። በኮሪያ ቀጣሪው ቤት ይሰጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ መኝታውና ማብሰያው አንድ ላይ የሆነ ወንሩም የሚባል ባለ አንድ ክፍል ቤት ነው። አብሯችሁ የሚኖር ሰው ወይም ድመት ካለ ይህን በኢሜይል ጠይቁ፣ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ፣ በውሉ ላይም እንዲጻፍ አድርጉ። ወይም የቤት አበል ተቀብላችሁ ራሳችሁ ተከራዩ። በስልክ «ችግር የለም» የተባለ ነገር፣ ያ ሰው ሥራ የለቀቀ ዕለት አብሮት ይሄዳል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ነጥብ ልምጣ። እዚህ ላይ ጊዜ እወስዳለሁ፣ ታገሡኝ። ምሳ ነው!

ምሳ ቀላል ነገር ይመስላችኋል? በእነዚህ አገሮች ትምህርት ቤት አስተማሪና ተማሪ አንድ ዓይነት ምሳ ይበላል። በጃፓን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆቹ ነጭ ልብስ ለብሰው ራሳቸው ያድላሉ፣ አስተማሪውም አብሯቸው ክፍል ውስጥ ይበላል። ምሳው ራሱ ትምህርት ነው፤ ሳይመርጡ መብላት፣ ሳያስተርፉ መጨረስ ይማሩበታል። አሁን አስቡት። አንድ የውጭ አገር አስተማሪ ትሪው ላይ ያለውን ግማሹን ይተወዋል። አንድ ልጅ ካሮቱን ገፍቶ «አስተማሪውም ትቷል!» ይላል። የክፍሉ ኃላፊ መምህር ምን ይበል? ስለዚህ ከመጀመሪያው ምሳ በፊት ከእርሱ ጋር ለልጆቹ የሚነገረውን አንድ ዓረፍተ ነገር ተስማሙ፦ «እኚህ አስተማሪ ሥጋና ዓሣ አይበሉም፤ የሚበሉትን ብቻ ይቀበላሉ፣ የተቀበሉትን ግን ይጨርሳሉ።» ይህ «የተቀበሉትን ይጨርሳሉ» የሚለው ቁልፍ ነው። ደንቡን አልጣሳችሁም፤ ጠብቃችኋል።

«አለርጂ አለብኝ ብል አይቀልም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። አይቀልም። አለርጂ ስትሉ ጉዳዩ የደኅንነት ጉዳይ ይሆናል። የሐኪም ወረቀት ትጠየቃላችሁ፣ የምግብ ባለሙያዋ ስለ እናንተ ትጨነቃለች፣ አንድ ቀን ደግሞ በምግብ ቤት ዓሣ ያለበት ሾርባ ስትጠጡ የሚያያችሁ አይጠፋም። ከዚያ በኋላ እውነት የሆነውንም ነገር ማን ያምናችኋል? «አልበላም» በሉ፤ «አልችልም» አትበሉ።

በኮሪያ የወሩ የምሳ ዝርዝር አስቀድሞ ይወጣል። በእያንዳንዱ ምግብ አጠገብም ትንንሽ ቁጥሮች አሉ። እነዚህ ከ1 እስከ 19 ያሉ የአለርጂ ቁጥሮች ናቸው፤ ኮሪያኛ ለማያነብ ሰው ግን ካርታ ናቸው። 1 እንቁላል፣ 2 ወተት፣ 7 ማከሬል የሚባለው ዓሣ፣ 8 ሸርጣን፣ 9 ሽሪምፕ፣ 10 የአሳማ ሥጋ፣ 15 ዶሮ፣ 16 የበሬ ሥጋ፣ 17 ስኩዊድ፣ 18 ዛጎል ያላቸው የባሕር እንስሳት። 5 አኩሪ አተር፣ 6 ስንዴ ስለሆኑ አያስፈሯችሁም። ኪምቺ አጠገብ 9 ካያችሁ በጨው የተብላላ ሽሪምፕ ገብቶበታል ማለት ነው።

ግን ልብ በሉ፤ ብዙዎችን የሚያሳስተው እዚህ ጋ ነው። የኮሪያ ሾርባ አብዛኛው የሚሠራው ምዮልቺ በምትባል ትንሽ የደረቀች ዓሣ መረቅ ነው። ምዮልቺ ደግሞ ከ19ኙ ቁጥሮች ውስጥ የለችም! ስለዚህ 5 እና 6 ብቻ የተጻፈበት ሾርባ ንጹሕ ይመስላል፣ መረቁ ግን ዓሣ ነው። «ሥጋ አለበት?» ብላችሁ ብትጠይቁ «የለበትም» ይሏችኋል፤ አልዋሹም፣ መረቅን እንደ ሥጋ አይቆጥሩትም። መጠየቅ ያለባችሁ በስሙ ነው፦ «ምዮልቺ ዩክሱ» ነው ወይ? በጃፓንም እንዲሁ ነው፤ እዚያ ያለው መረቅ ዳሺ ይባላል፣ ከካትሱኦ ዓሣ ይሠራል፣ በሾርባው ብቻ ሳይሆን በአትክልቱ ማጣፈጫም ይገባል። ከባሕር ሣር ብቻ የሚሠራው ኮምቡ ዳሺ ነው፤ እርሱን በስሙ ጠይቁ። ወተቱም በየቀኑ በ200 ሚሊ ሊትር ካርቶን ይመጣል፤ የማትጠጡ ከሆነ አስቀድማችሁ አስቀንሱ እንጂ ሳትከፍቱ አትመልሱ።

እዚህ ላይ እያንዳንዳችሁ መወሰን አለባችሁ። መረቁን ትቀበሉታላችሁ ወይስ አትቀበሉትም? በእኔ እይታ ሁለቱም ያስኬዳል። የማያስኬደው አንድ ቀን ተቀብሎ በሌላው ቀን እምቢ ማለት ነው፤ አብሮ አስተማሪያችሁ ምን እንደምታደርግ አታውቅም። የማትቀበሉት ከሆነ ከምሳው ዝርዝር ሙሉ በሙሉ ውጡ። ክፍያው በየወሩ ስለሆነ ወሩ ከመግባቱ በፊት ተናገሩ፣ ምሳችሁንም ቋጥራችሁ ኑ፤ በኮሪያ ዶሺራክ፣ በጃፓን ቤንቶ ይባላል። ግን፣ አደራ፣ ምሳችሁን ይዛችሁ ጠረጴዛችሁ ላይ ብቻችሁን አትቀመጡ! ሌሎቹ ከሚበሉበት ቦታ ሄዳችሁ ብሉ። ሰው የሚቀየመው በምግባችሁ አይደለም፤ ከማዕዱ በመጥፋታችሁ ነው።

«ቪጋን»፣ ማለትም ከእንስሳት የሚገኝ ምንም የማይበላ፣ የሚለው ቃል ለማይገባቸው ትልልቅ ሰዎች ደግሞ መንገድ አለ። በሁለቱም አገሮች የቡድሃ መነኮሳት ምግብ የታወቀ ነው፤ በኮሪያ ሳቻል ኡምሺክ፣ በጃፓን ሾጂን ርዮሪ ይሉታል። ሥጋም ዓሣም የለውም። «እንደ መነኮሳቱ ምግብ» ስትሏቸው ወዲያው ይገባቸዋል፤ እንግዳ ነገር መሆናችሁ ቀርቶ የሚያውቁት ነገር ትሆናላችሁ።

ከምሳ ወደ እራት። የሥራ እራት በኮሪያ ሆዌሺክ፣ በጃፓን ኖሚካይ ይባላል። መጠጥ የማይጠጣ ሰው ይህን ፈርቶ ይሸሻል። አትሽሹ! ብርጭቆው ውስጥ ያለው ነገር ከሚመስላችሁ በላይ ቀላል ጉዳይ ነው፤ ከባዱ ባዶ ብርጭቆ ነው። ባዶ ብርጭቆ ያየ ሰው መቅዳት ግዴታው ስለሚመስለው ይቀዳል። ስለዚህ ገና ስትቀመጡ ብርጭቆአችሁን ሙሉት፤ በኮሪያ ሳይዳ የሚሉትን ለስላሳ፣ በጃፓን ኡሮንቻ የሚባለውን ቀዝቃዛ ሻይ። የብርጭቆ ማንሻው ቃል፣ በኮሪያ «ኮንቤ»፣ በጃፓን «ካምፓይ»፣ እስኪባል አትጠጡ። ሲባል ከሁሉም ጋር አንሡ። ከዚያ እናንተ ለሌሎች ቅዱ፤ በኮሪያ በሁለት እጅ ያዙ፣ ለታላቅ ሰው መጀመሪያ። የሚቀዳ ሰው የተገለለ አይመስልም፤ አልጠጣም ያለውንም ማንም አያስታውስም። በኮሪያ ሥጋው ጠረጴዛው ላይ ስለሚጠበስ፣ የማይበላ ሰው መቆንጠጫውንና መቀሱን ይዞ ለሌሎች ቢጠብስ የምሽቱ ተመስጋኝ እርሱ ነው። ይህን ኅሊናችሁ ከፈቀደ ነው፤ ካልፈቀደ ቅጠሉን አጥባችሁ አሰናዱ። ከቤት ግን ቀምሳችሁ ሂዱ፤ ሩዝና የሰላጣ ቅጠል ብቻ ሌሊቱን አያሻግርም።

«የጤና ችግር አለብኝ» ብላችሁ መጠጥን አታምልጡ። በየወሩ ስለ ጉበታችሁ ትጠየቃላችሁ። «አልጠጣም» ብላችሁ ፈገግ በሉ፤ ለሦስተኛ ጊዜ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ኮሪያውያን የመጀመሪያውን ዙር ኢልቻ፣ ሁለተኛውን ኢቻ ይሉታል። ኢልቻን እስከ መጨረሻው ቆዩ፣ ኢቻ ሲነሣ አመስግናችሁ ሂዱ። መሃል ላይ መነሣት ያስቀይማል፣ ዙሩ ሲያልቅ መሄድ ግን የተለመደ ነው። በጃፓን ሒሳቡ ብዙ ጊዜ እኩል ይካፈላል፣ ከ3000 እስከ 5000 የን ሊደርስ ይችላል፤ «እኔ ሻይ ነው የጠጣሁት» ብላችሁ አትከራከሩ። ገንዘቡ ካስቸገራችሁ ሁለቱን ብቻ ምረጡ፦ ትምህርት በሚጀመርበት በሚያዝያ ወር የሚደረገውን የአቀባበል እራትና በታኅሣሥ የዓመቱ መዝጊያ የሚሆነውን ቦኔንካይ።

ስለ ጥያቄዎች አንድ ቃል ልበል። «ስንት ዓመትሽ ነው? አግብተሻል? ለምን አላገባሽም?» እዚያ በመጀመሪያው ሳምንት ይጠየቃል። ኮሪያኛ በታላቅና በታናሽ መካከል የአነጋገር ደረጃ ስላለው፣ ዕድሜያችሁን ሳያውቁ እንዴት እንደሚያናግሯችሁ ይቸገራሉ፤ ዕድሜን ሲጠይቁ መዳፈር አይደለም። ለግል ኑሮአችሁ ግን ሦስት መልስ አዘጋጁ። ለተማሪ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ስጡና ወዲያው ጥያቄውን ወደ እርሱ መልሱ፣ እግረ መንገዱንም እንግሊዝኛ ይለማመዳል። ለሥራ ባልደረባ እውነት የሆነ፣ ግን ዝርዝር የሌለው። ለወዳጅ ሙሉውን። የተማሪው መልስ በዚያው ማታ እራት ላይ ለወላጆቹ እንደሚነገር አስባችሁ ምረጡት። ክፍሉን ደግሞ አመጋገባችሁን ወይም አኗኗራችሁን የምትሰብኩበት መድረክ አታድርጉት፤ ወላጅ የላከው ለእንግሊዝኛ ነው።

ሊያልቅ ነው፣ አንዲት ነገር ብቻ ቀረችኝ፤ ቆሻሻ። አትሳቁ! ጎረቤት ስለ ውጭ አገር ሰው የሚያቀርበው አቤቱታ ስለ ድሬዱ አይደለም፣ ስለ ቆሻሻው ነው። በኮሪያ ቆሻሻ የሚጣለው ጆንግንያንጄ በሚባል በየአካባቢው በሚሸጥ ከረጢት ብቻ ነው፣ የምግብ ትርፍራፊ ለብቻው። በጃፓን የሚቃጠለው፣ የማይቃጠለው፣ ጠርሙሱ የየራሳቸው ቀን አላቸው፤ የሚወጡትም በዚያው ቀን ጠዋት ነው እንጂ ከማታው አይደለም። ቤቱን በተረከባችሁ ቀን የቆሻሻውን የቀን ሰሌዳ ጠይቁና ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት።

እኅቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ስለ ትዕግሥታችሁ አመሰግናለሁ። የ19ኙ ቁጥሮች ሙሉ ዝርዝር ያለበት ወረቀት በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ከኋላው ላይ «ሥጋና ዓሣ አልበላም፣ የዓሣ መረቅም አልፈልግም» የሚለው በኮሪያኛና በጃፓንኛ ተጽፎበታል። ሁለት ሁለት ውሰዱ፤ አንዱ ለኪስ፣ አንዱ ለአብሮ አስተማሪያችሁ። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፤ ከቀኝ በኩል እንጀምር።